በተቆለፈ ቤት ውስጥ የተናገረው ሬዲዮ

ሰውየውን በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም «አይሆንም» እያሉ ይጠሩታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት በውል አይታወቅም። አንዳንዱ የቢሮው ጸሐፊ ናት ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስቴም የተመለሰ ባለሆቴል ነው ይላል። እሱ ግን አልከፋውም። ስልክ ደውሎ «ማን ልበል?» ሲሉት «አይሆንም ነኝ» ብሎ የሚስቅበት ቀን አለ።

ሥራው ይህ ነው። ጣራው ላይ ሶላር የሰቀለ፣ ጓዳው ውስጥ ባትሪ የደረደረ ሰው ያንን ከመንገዱ መስመር ጋር ላገናኝ ካለ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። ያኔ አይሆንም ጠርዙ የነጣ የቆዳ ቦርሳውን አንግቶ ከተፍ ይላል። ጣራ ይወጣል፤ ሽቦውን እየተከተለ ይወርዳል፤ የብሬከሩን ሣጥን ይከፍታል፤ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚያስማማውን ኢንቨርተር ጆሮውን አስጠግቶ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። ጉድለት ካገኘ ብዙ አያወራም። ያችኑ አንዲት ቃል ይላል፣ ምክንያቱን በወረቀት ይጽፋል፣ ይሄዳል። «እባክህ ለሳምንት ብቻ እለፈኝ» ብሎ የለመነውን ሰው «ኤሌክትሪክ ሳምንት አያውቅም» ብሎ መለሰው ይባላል።

የማያውቀው ሰው ደረቅ ይመስለዋል። ደረቅ አይደለም። ቤቱ ሲገባ ቲማቲም ኮትኩቶ፣ የጎረቤት ካውያ በነፃ ጠግኖ፣ ከሚስቱ ጋር ሲቀላለድ የሚያመሽ ሰው ነው። የደረቀው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ለዚያም ምክንያት አለው።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የመስመር ሠራተኛ ነበር። አንድ ጠዋት የላላ ሽቦ ሊያጠብቅ ምሰሶ ላይ ወጣ። መስመሩ ከላይ ጠፍቷል፤ ጓደኛው አይቶ አረጋግጧል። እዚያው መንገድ ላይ ያለ ዳቦ ቤት ግን ሊጡ እንዳይበላሽበት ጄኔሬተሩን አስነስቶ ኖሯል። ጄኔሬተሩን የገጠመለት ሰው ከመንገዱ መስመር የሚለየው ነገር አላደረገበትም። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ምሰሶው ድረስ ተጉዞ፣ ሙት ነው በተባለው ሽቦ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀው። ቀበቶው ባይዘው ኖሮ ዛሬ የሚወራለት ሰው ባልነበረ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ዳቦ ጋጋሪው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አልቅሷል። አይሆንም ያን ቀን አንድ ነገር ገባው፤ ሽቦው ከተሳሳተ ደግ ሰውም ይገድላል።

ይህን ታሪክ የሚያውቁት ሚስቱና የጥንት ባልደረቦቹ ናቸው። ለታላቅ እህቱ ግን «ከመሰላል ወደቅኩ» ብሏታል።

ታላቅ እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት፤ ከሱ እየሰማ ሰፈሩም እትዬ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ስምንት ነበር። ከሰው ቤት በተዋሰችው የስፌት መኪና ቁልፍ እየተከለች፣ ሱሪ እያሳጠረች አሳደገችው። ኤሌክትሪክ ልማር ሲል የሙያ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል ተባለ። እትዬ ለዳይሬክተሩ ሚስትና ለአራት ልጆቹ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፋችና ቦታ ተገኘለት። እና እንዴት አድርጎ ይንገራት? «ያስገባሽኝ ሥራ ሊገድለኝ ነበር» ይበላት? «እኔው ነኝ የገደልኩህ» ብላ እንደምትንገበገብ ያውቃል። ስለዚህ መሰላሉን ወቀሰ። እሷም ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቷ በወጣ ቁጥር «መሰላል ላይ ስትወጣ ተጠንቀቅ!» እያለች ትሸኘዋለች።

አሁን እትዬ የራሷ የስፌት ቤት አላት። መንገዱ የሚያልቅበት ጋ ካሉት ሁለት ቤቶች የመጀመሪያው የእሷ ነው። የፊት ለፊቱ ሰፊ ክፍል ውስጥ አምስት መኪናዎች በመስኮቱ ትይዩ ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ የጨርቅ መቁረጫው ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ሦስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። የሆስፒታል አንሶላ፣ የነርሶች ጋዋን፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ችግራቸው አንድ ነው። መብራት ይሄዳል። ሲሄድ አምስቱም መኪናዎች በአንድ ጊዜ ጭጭ ይላሉ፤ ካውያው ጨርቁ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ጣራ ጣራውን ያያሉ። «ጣራውን ካያችሁትማ» አለች አንድ ቀን እትዬ፣ «እኔም አንድ ነገር ልስቀልበት።»

ሶላሩን የገጠመላት «ቶሎቶሎ» የሚሉት ሰው ነው። እግሩም ምላሱም ፈጣን ነው። በሁለት ቀን ጣራው ላይ ስምንት ሰሌዳ ሰቀለ፤ ጓዳ ውስጥ ሁለት ባትሪና ኢንቨርተር አቆመ፤ ሽቦውን ከቤቱ የብሬከር ሣጥን ጋር አገናኘ፤ ማመልከቻውንም ራሱ ሞላላት።

አለቃው ማመልከቻውን ሲሰጠው አይሆንም አንብቦ መለሰለት።

«እህቴ ናት። ሌላ ሰው ላክ።»

«አንደኛዋ ሌላ ሰው የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት» አለ አለቃው። «ሁለተኛው ሌላ ሰው አንተ ነህ። ሂድ፤ የጻፍከውን እኔ ደግሜ አየዋለሁ።»

እትዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠርጋ እስክሪብቶ ሁሉ አስቀምጣለታለች። «ዛሬስ ቆንጆ አድርገህ ፈርምልኝ» አለችው። እሱ ጣራ ወጣ፤ ሰሌዳዎቹ ደህና ታስረዋል። ጓዳ ገባ፤ ባትሪዎቹ አየር ያገኛሉ። የብሬከሩን ሣጥን ሲከፍት ግን ቆመ። ሁለት ብሬከሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የመንገዱ ዋና፣ አንዱ የሶላሩ።

«በጣም ቀላል ነው ጋሼ» አለ ቶሎቶሎ ከኋላው። «መብራት ሲሄድ እትዬ ይሄን ዋናውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የሶላሩን ከፍ። ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው። አለቀ።»

«ዋናውን ዝቅ ማድረግ ብትረሳስ?»

«እትዬ?» ቶሎቶሎ ሳቀ። «መርፌ ከጣታቸው ብትወድቅ የት ጥግ እንደገባች የሚያውቁ ሰው ናቸው እኮ!»

«አልረሳም» አለች እትዬም።

«ሁለቱ አብረው ቢነሱ የሚከለክላቸው ነገር ምንድን ነው?»

ቶሎቶሎ ሁለቱን ብሬከሮች እያፈራረቀ አየ።

«ውጪስ፣ ቆጣሪው አጠገብ፣ የመስመር ሠራተኛ መጥቶ አጥፍቶ በቁልፍ የሚቆልፈው ማቋረጫ የታለ?»

«እሱ በኋላ ይገባል» አለ ቶሎቶሎ።

አይሆንም የሣጥኑን ክዳን ቀስ አድርጎ መለሰ። ከዚያ ያችን ቃል አላት። እትዬ የቀለደ መስሏት ሳቀች። አለመሳቁን ስታይ የእሷም ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ለኔም?»

«ላንቺም።»

«የሆስፒታሉን አንሶላ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ!»

«ስፊ። መኪናዎቹን በማከፋፈያ ገመድ ኢንቨርተሩ ላይ በቀጥታ ሰክተሽ ስፊ፤ ማንም አይከለክልሽም። ከመንገዱ ጋር የሚገናኘውን ሣጥን ግን አንዱ ሲነሳ ሌላውን የግድ የሚያወርድ ማዞሪያ እስኪገባለት አትንኪው።» ይህን ብሎ የሶላሩን ሽቦ ከሣጥኑ ነቀለ፤ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለ፤ ወረቀቱን ጽፎ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው አጠገብ አስቀመጠ።

እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ለመሆኑ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ ወይስ የመንገዱ ምሰሶ?»

ወንድሟ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። የዚያን ቀን «መሰላል ላይ ተጠንቀቅ» የሚለው ድምፅ ከኋላው አልመጣም።

በማግስቱ ቶሎቶሎ ተመልሶ መጣ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ለስሙ ነው የሚጨነቀው። ማን ያያል? እንዳልኩዎት ዝቅ፣ ከፍ ያድርጉ» አላትና ሽቦውን መልሶ ከሣጥኑ ጋር ገጠመው። እትዬ ዝም ብላ አየችው። ዝምታዋ ትክክል እንዳልሆነ ልቧ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ኩርፊያ ላይ ነበረች፤ ኩርፊያ ደግሞ መጥፎ አማካሪ ነው።

አምስት ሳምንት አልተነጋገሩም። መልእክት ቢኖር በሚስቱ በኩል ነው። «ለባልሽ ንገሪው፣ ሸሚዙ ቁልፍ ተተክሎለታል፤ ይምጣና ይውሰድ ግን አላልኩም፤ አንቺው ውሰጂለት።» ሚስቱ ሸሚዙን ይዛ ትመጣና ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግረዋለች። አይሆንም ሸሚዙን ለብሶ ቁልፉን ይዳብሳል። ከሥራ ሲመለስም የመኪናዎቿን ድምፅ ላለመስማት በሩቁ መንገድ ይዞራል።

«ሄደህ ለምን አትነግራትም?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን ቲማቲሙን ሲያጠጣ። «ጣቶችህን አሳያት።»

«ታያቸዋለች እኮ።»

«ታሪካቸውን ነው የምልህ፣ አንተ ሰው!»

«ይሁን፣ አንድ ቀን» አላት፤ ውኃውን እዚያው ሥር ላይ አብዝቶ ሲያፈስ ማጠጫውን ቀማችው።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ነፋስና ዝናብ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ጠርቶ ነበር። እትዬ ባለችበት መንገድ ግን አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ በመስመሩ ላይ ወድቆ ሽቦውን በጥሶታል፤ ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለውም። መሥሪያ ቤቱ ሁለት የመስመር ሠራተኞች ላከ። አይሆንም «በዚያ በኩል የምፈትሸው ቤት አለኝ» ብሎ ወጣ። የሚፈተሽ ቤት ግን አልነበረውም። እህቱ ነፋሱን እንዴት እንዳደረች ሊያይ ነበር የሄደው፤ ከአጥር ውጪ ቆሞ፣ ሳታየው፣ ብቻ ጣራዋ መኖሩን አይቶ ሊመለስ።

ሲደርስ የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል። «ደህና ናት» አለ በልቡ። ከኢንቨርተሩ ላይ በቀጥታ የምትሠራ መሰለው። ሊመለስ ዞር ሲል ሌላ ድምፅ ጆሮው ገባ። ከእትዬ ቀጥሎ ካለው፣ ከመጨረሻው ቤት፣ አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ይናገራል። የጡረተኛው መምህር ቤት ነው። መምህሩ ደግሞ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሄዱ አሥር ቀናቸው ነው። በራቸው ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሲሄዱ ሌባ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስለው ሬዲዮአቸውን ከፍተው የመሄድ ልማድ አላቸው፤ ይህን መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሬዲዮው መናገሩ አልገረመውም።

ሦስት እርምጃ ሄደ። በአራተኛው ላይ እግሩ ቆመ።

ያን ሬዲዮ ያውቀዋል። ትልቅ፣ አሮጌ፣ የእንጨት ሣጥን ያለው ነው፤ ሶኬቱን ባለፈው ዓመት የጠገነላቸው እሱ ነው። ባትሪ መግቢያ የሚባል ነገር የለውም። መንገዱ በሙሉ መብራት ከሌለው፣ ይህ ሬዲዮ በማን ኃይል ነው የሚናገረው?

ዞር ብሎ ወደ ተበጠሰው ሽቦ አየ። ሽቦው የተበጠሰው ከሁለቱ ቤቶች በላይ ባለው ምሰሶ ነው። የእትዬና የመምህሩ ቤት ከተቀረው መንገድ ተቆርጠው ብቻቸውን ቀርተዋል። ከምሰሶው ወዲህ የተንጠለጠለው ጫፍ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ቀርቶታል። አንደኛው የመስመር ሠራተኛ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ የቱታው እጅጌ የተቀደደ ሰውዬ፣ ጓንቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ቅርንጫፉን ገፍቶ ሽቦውን ሊያነሳ ጎንበስ እያለ ነው።

«እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ጮኸ አይሆንም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሰውየው ባለበት ደረቀ።

«ምነው ጋሼ?»

«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ሂድ!»

«ኧረ ከላይ አጥፍተነዋል! ራሴ ነኝ የለካሁት።»

«ከላይ አዎ። ከታችስ ለክተሃል?»

ሠራተኛው ወደ ሁለቱ ቤቶች ዞረ። አይሆንም ቦርሳውን አወረደ፤ ጓንቱን አጠለቀ፤ ቴስተሩን በመያዣው ዘንግ አስረዝሞ ወደ ተንጠለጠለው ጫፍ አስጠጋ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች፤ ጢ… ጢ… ጢ እያለች ጮኸች።

ረጅሙ ሰውዬ ቀስ ብሎ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸው ጀመር፤ ገና አሁን የተሰጡት ይመስል።

«ማንንም እንዳታስጠጉ» አለ አይሆንምና ወደ እህቱ ቤት ሮጠ።

እትዬ ከመኪናዋ ላይ ቀና አለች። አምስት ሳምንት ያጠራቀመችው ንግግር በምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ምን እግር ጣለህ ዛሬ…» ብላ ጀመረች፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው።

«እትዬ፣ ተነሽ። ውጪና በመምህሩ አጥር በኩል ቁሚ። የምትሰሚውን ስሚ።»

ተነሳች። እንዴት እንደተነሳች እሷም አታውቅም፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ሬዲዮው «ነገ በአብዛኛው ፀሐያማ ሆኖ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን…» እያለ ነበር። አይሆንም ጓዳ ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። ሁለቱም ብሬከሮች ሽቅብ ቆመዋል። የሶላሩን ወደ ታች መታው። አምስቱ መኪናዎች ጭጭ አሉ፤ ሬዲዮውም «ግን» እንዳለ ቀረ።

ሲወጣ እትዬ የአጥሩን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ጠፋ» አለች። «አንተ የኔን ስታጠፋ… የሳቸው ጠፋ።»

«ያንቺ ፀሐይ ነው ሲያናግረው የነበረው። በዚያው ሽቦ ነው የሄደው፤ ያ ሰውዬ ሊይዘው በነበረው ሽቦ።»

ወደ ረጅሙ ሠራተኛ ተመለከተች። «ዋናውን ላወርድ ስል ከሆስፒታሉ ስልክ ተደወለ» አለች በቀጭን ድምፅ። «አንሶላው የት ደረሰ አሉኝ። እያወራሁ የሶላሩን አነሳሁት። አልረሳም ብዬህ ነበር…»

«ማንም ሰው ይረሳል፣ እትዬ። ለዚህ ነው ነገሩን በሰው ማስታወስ ላይ የማንጥለው።»

«እስቲ አንድ ጊዜ መልሰህ አንሳውና ደግሜ ልስማው።»

«አይሆንም።»

በዚህ ጊዜ ነው ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ የመጡባት። እንባዋን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች። አይሆንም የግራ እጁን አጥሩ ላይ አሳረፈ፤ የማይታጠፉት ሁለት ጣቶች ቀጥ ብለው ቀሩ። ነገሩን ሳያስበው ጀመረው። ስለ ላላው ሽቦ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ስለ ሊጡ፣ ስለ ቀበቶው ነገራት። ረጅም አልነበረም። እትዬ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«መሰላል ነው ብለኸኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ብዬሻለሁ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሰላል ስረግም!»

«መሰላሉ ይቅር ይልሻል።»

ትከሻውን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ የመታችውን ቦታ አሸችለት። «ብትነግረኝ ኖሮ ከሥራው አስወጣህ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ።»

እሷም የደበቀችውን ተናገረች፤ ሽቦው በማግስቱ ተመልሶ ሲገጠም ዝም ብላ ማየቷን። እሱ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልገሰጻትም። ተግሣጹን ሬዲዮው አድርሶላታል፤ ሰው መድገም አያስፈልገውም።

ከዚያ እትዬ እትዬ ሆነች። ረጅሙን ሰውዬ እጁን ይዛ ቤት አስገባችው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣችው፤ «ቱታህን አውልቅ» አለችው።

«ኧረ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

«በተቀደደ እጅጌ ከሽቦ ጋር ልትታገል ነው? አውልቅ አልኩህ።»

ሰውየው አዲስ የሆስፒታል አንሶላ ተከናንቦ፣ አገጩ ድረስ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሳቃቸውን በጨርቅ አፈኑ። መብራት ስለሌለ እትዬ እጅጌውን በእጇ ሰፋችው፤ ድርብ ስፌት፣ ለዕድሜ ልክ የሚሆን። ጓደኛው በመስኮት አይቶት ፎቶ ሊያነሳው ሲል «አንተንም እጠቀልልሃለሁ» አለችው። ሽቦው ቀትር ሳይሆን ተቀጠለ። ረጅሙ ሠራተኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይም ከታችም ሳይለካ ሽቦ አይነካም፤ ለሚያስተምራቸውም ሁሉ ታሪኩን ይነግራል፤ የአንሶላውን ክፍል ብቻ ይዘለዋል።

ቶሎቶሎ በሁለተኛው ቀን ተጠራ። እትዬ አልጮኸችበትም። ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችው፤ ሆኖ የነበረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። «የገጠምኩላቸው ሌሎች አራት ቤቶች አሉ» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው ቶሎ ብለህ የምትሄድበት አገኘህ» አለችው። ሄደም። አራቱንም ቤቶች በየተራ እያስፈቀደ ሽቦውን ነቅሎ ማዞሪያ አስገባላቸው። የእትዬን ግን እንዲነካ አልተፈቀደለትም።

እትዬ ወንድሟን ሌላ ባለሙያ እንዲጠቁማት ጠየቀችው። «ራሴ ለምፈትሸው ሥራ ሰው አልመርጥም» አላት። ተናደደች፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ራሷ ሙያ ትምህርት ቤት ሄዳ አንዲት ቁጥብ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አገኘች። ሴትየዋ አንድ ቀን ሙሉ ስትለካና ስትጽፍ ዋለች፤ አንድም ሽቦ አልነካችም። እትዬ በዚህ ወደደቻት፤ «እንደኔ ናት፤ ሳትለካ አትቆርጥም» አለች። ከዚያ ባለሙያዋ እንደ በር መዝጊያ የሚዞር ማዞሪያ ገጠመች፤ ወይ ወደ መንገዱ ነው ወይ ወደ ሶላሩ፣ ሁለቱን ባንዴ ላገናኝ ቢሉት እጅ ያስለቅቃል እንጂ አይሄድም። ውጪ፣ ቆጣሪው አጠገብ፣ ቀይ እጀታ ያለው ማቋረጫ ቆመ፤ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳም አለው። ኢንቨርተሩም ትርፉን ለብቻው በተዘረጋ መስመር ወደ መንገዱ የሚልክ፣ የመንገዱ መብራት ሲሄድ ግን መላኩን በቅጽበት የሚያቆም ሆነ።

በሁለተኛው ፍተሻ ቀን አይሆንም ከአለቃው ጋር መጣ። በሕይወቱ የማንንም ቤት እንደዚያ አልፈተሸም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ጣራ ላይ አንድ ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ አገኘና ካልጠበቀ አልወርድም አለ። አለቃው ሰዓቱን እያየ «ወንድሜ፣ እህትህ ናት እንጂ የኃይል ማመንጫ አይደለችም» አለው። በመጨረሻ አይሆንም ወደ ውጪው ማቋረጫ ሄዶ ቀዩን እጀታ አወረደ። ቤቱ ከመንገዱ ተለየ፤ ቴስተሩ ቆጣሪው ላይ ድምፁን አጠፋ። ማዞሪያው ወደ ሶላሩ ዞሮ ስለነበር ግን ከመስኮቱ አምስት መኪናዎች ሳያቋርጡ ሲሰፉ ይሰማል፤ አንደኛዋ ሴት ጭራሽ መብራት መሄዱን አላወቀችም። አለቃው ነው የፈረመው። አይሆንም ብዕሩን ብቻ አቀበለው፤ እትዬም የሁለቱንም እጅ ጨበጠች፤ የወንድሟን ግን ሁለቴ።

አሁን ቆጣሪዋ በሁለት በኩል ይቆጥራል። እሑድ መኪናዎቹ ሲያርፉ የጣራዋ ፀሐይ በፈቃድና በሥርዓት ወደ መንገዱ ይወጣል። እትዬ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የቆጣሪውን ቁጥር ታያለች። መምህሩ ከጉዞ ሲመለሱ ታሪኩን ሰምተው ሬዲዮአቸውን ለሳምንት ያህል በጥርጣሬ ሲያዩት ከረሙ።

አይሆንም በሥራው እንዳለ ነው፤ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ ምክንያቱን ጽፎ ይሄድ ነበር። አሁን ከሰውየው ጋር ይቀመጣል፤ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለምን እንደሆነ ይነግራል። አብዛኛው ሰው በማግስቱ ማዞሪያውን ያስገባል። ይህን ያየችው እትዬ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥታ አለቃውን አፋጠጠችው። «ይሄ ደንባችሁ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ማን ያነበዋል? እኔ ራሴ ማመልከቻውን ሳልረዳ ነው የፈረምኩት። አንድ ገጽ አድርጉት!» አለቃው ደስ ብሎት «እርስዎ ይጻፉታ» አላት። የቀለደ መስሎት ነበር።

ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። እሱ ይጽፋል፤ እሷ ትሰርዛለች።

«‹ተጠቃሚው ተገላባጭ የኃይል ፍሰትን ይከላከላል› አልክ?» ትለዋለች መነጽሯን አውልቃ። «ይህን ለማን ነው የምትነግረው? ለቆጣሪው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ቤትህ ውስጥ ያለው ኃይል ሳይፈቀድለት ወደ መንገድ እንዳይወጣ አድርግ። መንገድ ላይ ሰው አለ።› በቃ።»

«‹ሳይፈቀድለት› የሚለው ቃል ልጅ አስመሰለው።»

«ልጅም ሳይፈቀድለት መንገድ አይወጣም። ጻፍ።»

ይጽፋል። በአንዳንዱ ቃል ላይ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ፤ ሚስቱ ፍራፍሬ ቆርጣ ታመጣና ሁለቱንም ታስታርቃለች። ገጹ ሲያልቅ አለቃው አንብቦ አንድ ቃል ብቻ ቀየረ፤ እትዬ መልሳ አስቀየረችው። ታትሞ በመሥሪያ ቤቱ መጠበቂያ ክፍል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ባለፈው ሳምንት አይሆንም በዚያ ክፍል ሲያልፍ ሁለት ሽማግሌዎች ወረቀቱ ሥር ቆመው ነበር። አንደኛው መነጽሩን ስለረሳ ሌላው ጮክ ብሎ ያነብለታል። «…መንገድ ላይ ሰው አለ» ሲል መነጽር የሌለው ሰውዬ «እውነት ነው፤ ይህን የጻፈ ሰው ጥሩ ሰው መሆን አለበት» አለ።

«ሴት ትመስለኛለች» አለ አንባቢው። «አነጋገሯ የእናት ነው።»

አይሆንም ሳይናገር አልፏቸው ቢሮው ገባ። የቀኑን ማመልከቻዎች አውጥቶ የመጀመሪያውን ከፈተ፤ ለምሳ እትዬ ጋ እንደሚሄድ አስታውሶ ሰዓቱን አየና ሥራውን ጀመረ።